ቀኙን ስትስበው

የአዲስ አበባ ጋራዥ ጣሊያንኛ እንደሚናገር ልብ ብላችሁ ታውቃላችሁ? መካኒኩ በጣሊያንኛ ሰላምታ እንኳ መስጠት አይችል ይሆናል። ሞተር ሲፈታ ግን ቴስታታ ያወርዳል፣ ካንዴላ ይነቅላል፣ ፋሻ ይቀይራል። ፍሪሲዮን ያስተካክላል፣ ካምቢዮ ይከፍታል። በካቻቢቴ ይፈታል፣ በፒንሳ ይይዛል፣ ዳዶ ያጠብቃል፤ አልሆን ያለውን ቶርኖ ቤት ይልካል። ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. ገብቶ በ1933 ወጣ እንላለን እንጂ ከጋራዥ እስካሁን አልወጣም። (ከወጥ ቤትም ቢሆን አልወጣም፤ ፓስታውን ትቶት ነው የሄደው።)

ላለፈው አንድ ዓመት ከመንፈቅ እኔም በዚህ ቋንቋ ስነጋገር ከርሜያለሁ። የምኖረው አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ፣ ፍሬደሪክ ከምትባል ከተማ ወጣ ብሎ ነው። ቀን ቀን የሕንፃ ማሞቂያና ማቀዝቀዣ እጠግናለሁ። ማታ ማታና እሑድ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ከኔ በዕድሜ የሚበልጥ ባለሰንሰለት ትራክተር ጋራዤ ውስጥ አስቀምጬ እፈታለሁ፣ እገጥማለሁ። አማካሪዬ ያሉት ኮልፌ ነው፤ አባቴ ናቸው። ዕድሜያቸው 83 ነው። ከ1956 እስከ 1990 ዓ.ም. በመንገድ ሥራ ዶዘር ነድተዋል፤ የነዱትንም በረሃ ላይ ራሳቸው ጠግነዋል። ቀኝ ጆሯቸው ከሥራው ጋር አብሮ ጡረታ ወጥቷል። ስልኩን እህቴ በግራ ጆሯቸው ላይ ትይዝላቸዋለች።

እኔ መፍቻ መጨበጥ የተማርኩት እዚህ በመሆኑ የማውቀው የእንግሊዝኛውን ስም ብቻ ነው። እሳቸው ደግሞ ጣሊያንኛውን። እሱንም አማርኛ ነው ብለው ነው የሚከራከሩኝ። መጀመሪያ ሰሞን “የሲሊንደሩን ሄድ ላወርደው ነው” ስላቸው ዝም አሉ። ከዚያ ለእህቴ “ምንድን ነው የሚለው ይኼ ልጅ?” ሲሉ ሰማኋቸው። ከብዙ ማብራሪያ በኋላ ነገሩ ሲገባቸው ቆጣ አሉ።

“ቴስታታ አትልም እንዴ! በአማርኛ ንገረኝ እንጂ!”

በጎ ጎኑ፣ ስልካችን ረዘመ። አሜሪካ ያለ ልጅና አዲስ አበባ ያሉ አባት እንዴት እንደሚነጋገሩ ታውቃላችሁ። ደህና ነህ? ደህና ነኝ። ልጆቹስ? ደህና ናቸው። አየሩ እንዴት ነው? ብርድ ነው። በሉ እንግዲህ ሒሳቡን አልጨርስብህ። (ስልኩ በኢንተርኔት ነው፣ ሒሳብ የለውም ብዬ ስንት ጊዜ እንደነገርኳቸው እግዜር ይወቀው።) ሁለት ደቂቃ አይሞላም። ሃያ ሦስት ዓመት እንዲህ ኖርን። ስለ ካንዴላና ስለ ፋሻ ማውራት ከጀመርን ወዲህ ግን ሃምሳ ደቂቃ ያወራንበት ቀን አለ።

ትራክተሩ ክሌትራክ ኤች ጂ ይባላል። በርዝመቱ ከላዳ ታክሲ ያንሳል፤ በክብደቱ ግን ከአንድ ቶን ተኩል አያንስም። ፋብሪካውን እ.ኤ.አ. በ1916 ኦሃዮ፣ ክሊቭላንድ ውስጥ ያቋቋመው ሮሊን ዋይት ነው። ቀደም ብሎ በእንፋሎት መኪና ሥራው ስም ያተረፈ ሰው ነበር። ኤች ጂ የሚባለው ትንሹ ሞዴል በ1939 ወጣ። በ1944 ኦሊቨር የሚባል ኩባንያ ፋብሪካውን ጠቀለለው። በ1960 ደግሞ ኦሊቨርን ራሱን ሌላ ኩባንያ ገዛው። ገዢው ማን መሰላችሁ? ዋይት ሞተር፣ ያ የሮሊን ቤተሰብ መሠረት የጣለው ኩባንያ! ዞሮ ዞሮ ከቤት ይሏል እንዲህ ነው።

ባለሰንሰለት ትራክተር ራሱ የጭቃ ልጅ ነው። ካሊፎርኒያ ውስጥ ስቶክተን አካባቢ ያለው ረግረግ አፈር ከባዶቹን የእንፋሎት ትራክተሮች እየዋጠ አስቸገረ። ጎማቸውን ቢያሰፉት፣ ደግመው ቢያሰፉት መስመጡ አልቀረም። ቤንጃሚን ሆልት የተባለ ፋብሪካ ያለው ሰው እ.ኤ.አ. በ1904 የኋላ ጎማዎቹን አወጣና ጣውላ የተደረደረበት ሰንሰለት ገጠመ። ክብደቱ በሰፊው ተከፋፈለና ትራክተሩ ከላይ መሄድ ቻለ። ሲሄድ ያየው ፎቶግራፍ አንሺ “አባጨጓሬ ይመስላል” አለ ይባላል። አባጨጓሬ በእንግሊዝኛው ካተርፒላር ነው። እኛ ሰፈር “ካተርፒላ መጣ!” ብለን ስንሮጥ፣ አባጨጓሬ መጣ እያልን ነበር ማለት ነው። ይህን ለአባቴ ስነግራቸው አላመኑኝም።

የኔው እንዴት እጄ እንደገባ ልንገራችሁ። ጎረቤቴ የነበሩት አዛውንት ገበሬ ሞቱና ባለቤታቸው ግቢውን ማጽዳት ጀመሩ። ከመጋዘኑ ጀርባ ሐረግ የዋጠው የብረት ክምር ነበር። ሴትየዋ “ብረት ገዢው 400 ዶላር ሊሰጠኝ ነው፤ ከፈለግኸው በዚያው ውሰደው” አሉኝ። ጊዜው የ2016 ዓ.ም. ፋሲካ ሰሞን ነበር። ጎትቶ ለማምጣት የከፈልኩት ከመግዣው ሊበልጥ ምንም አልቀረው።

ያን ቀን በቴሌግራም ለአባቴ ቪዲዮ ላክሁላቸው። ደጋግመው አዩትና አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ።

“ማርሚታው ላይ ጣሳ ደፍተውበት ነበር?”

የጭስ ማውጫው ወደ ላይ የቆመ ስለሆነ ካልተከደነ ዝናቡ ቀጥ ብሎ ወደ ሞተሩ ይወርዳል። ዶዘር ነጂ ሥራ ጨርሶ ሲወርድ መጀመሪያ የሚያደርገው ጣሳ መድፋት ነው አሉ። ሄጄ አየሁ። ጣሳው ነበር፤ ግን ቂጡ በዝገት ተበልቶ ቀለበቱ ብቻ ቀርቷል። ከአንድ ቀለበት ጣሳ በስንት ዓመት ስንት ባልዲ ውኃ እንደሚገባ አስቡት። ሞተሩ ድርቅ ብሏል። ማኖቬላውን ይዤ ብንጠለጠልበትም ንቅንቅ አይል።

ሞተሩ ሄርኩለስ የሚባል ባለአራት ሲሊንደር፣ በቤንዚን የሚሠራ ነው። እዚህ አገር አሮጌ ሞተር የሚያድሱ ሰዎች አንድ የታወቀ መድኃኒት አላቸው፤ አሴቶንና የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት እኩል በእኩል ቀላቅሎ ሲሊንደሩ ውስጥ ማፍሰስና መጠበቅ። (ባለቤቴ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያዋ ካለቦታው ሲገኝ ምን እንዳለች እዚህ አይጻፍም።) ስድስት ሳምንት ጠበቅሁ። ከዚያ ቴስታታውን አወረድሁ። ሦስቱ ፒስቶኖች ለመንቀሳቀስ ፈቃደኛ ሆኑ። ሦስተኛው ግን የቫልቮላው በር ክፍት ሆኖ ዝናቡን ሲጠጣ የኖረ ነውና ከሲሊንደሩ ጋር አንድ ብረት ሆኗል።

“መዶሻ ፒስቶን ላይ እንዳታሳርፍ” አሉ አባቴ። “እንጨት አስቀምጥበት። እንጨቱም ዋንዛ ይሁን።”

“አባባ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ዋንዛ ከየት ላምጣልዎ?”

“ታዲያ ምን አላችሁ እናንተ?”

ኦክ አለን። በኦክ ጉማጅ፣ በየምሽቱ አሥር አሥር ጊዜ መታሁት። እየዘራሁ እንጂ እየመታሁ አይመስልም ነበር፤ ምንም ለውጥ የለ። በአሥራ ሰባተኛው ቀን የስንዴ ፍሬ ያህል ወረደ። ከዚያ በኋላ ያለው ቀላል ነው። ፒስቶኖቹን አወጣሁ፣ ሲሊንደሮቹን አስወለወልሁ፣ አዲስ ፋሻ አስገባሁ። የሰባ ዓመት ሞተር መለዋወጫ እዚህ አገር ዛሬም ተፈልጎ ይገኛል።

ማግኔቶው የሚገርም ዕቃ ነው። ባትሪ አያስፈልገውም። በውስጡ ማግኔት ይዞራል፣ እሳቱን ራሱ ይፈጥራል። ነጥቦቹን በወረቀት ወለወልኋቸው፣ ሽቦውን ቀየርሁ፣ በእጄ ሳዞረው ጠቅ ብሎ ጣቴን ነዘረኝ። እንዲህ በንዝረት የተደሰትኩበት ቀን ትዝ አይለኝም። አባቴ ደግሞ ሌላ ማስጠንቀቂያ ነበራቸው። ማኖቬላ ስትይዝ አውራ ጣትህን ከሌሎቹ ጣቶች ጋር በአንድ ወገን አድርግ፤ ሞተሩ ወደ ኋላ ከመለሰ ከብቦ የያዘ አውራ ጣት ይሰበራል። ካሜራው ፊት የራሳቸውን አውራ ጣት አሳዩኝ። ጠማማ ነው። ልጅ ሆኜ ስንት ጊዜ ያንን ጣት ይዤ መንገድ ተሻግሬአለሁ፤ ለምን እንደጠመመ ያወቅሁት በሃምሳ ሁለት ዓመቴ ነው።

በ2017 ዓ.ም. ሚያዝያ፣ በሰባተኛው ዙር ተነሣ። ለአርባ ሰከንድ ያህል ሠራ። ከማርሚታው መጀመሪያ የወጣው ጭስ ሳይሆን የአይጥ ጎጆ ነው።

እስከዚህ ድረስ ስታነቡ “ይህ ሰው ሥራ የለውም እንዴ?” ያላችሁ ትኖራላችሁ። ብቻችሁን አይደላችሁም። ሲልቨር ስፕሪንግ ያሉ ወዳጆቼ ስም አውጥተውልኛል፤ “ቆራሌው!” ይሉኛል። ለቅሶ ቤት ሳይቀር። አንዱ “አገሩን ትቶ የመጣው ብረት ለመልቀም ነው?” አለ፣ ሁሉም ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ። እንዲያው ለነገሩ ግን ልጠይቅ። ከእኛ መካከል ለአሥራ አምስት ሺህ ዶላር ሰዓት ሲያስር የተሳቀበት ሰው አለ? ብረት ከእጅ አንጓ ላይ ሲሆን ክብር፣ ጋራዥ ውስጥ ሲሆን ቆራሌ የሚሆንበትን ምክንያት ባውቀው ደስ ይለኛል። ምክንያቱ እጅ የሚያቆሽሽ መሆኑ ይመስለኛል። ቀጥቃጩን ቡዳ ብሎ እየፈራና እየናቀ፣ በቀጠቀጠው ማረሻ አርሶ ሲበላ የኖረ ሕዝብ ልጆች ነን፤ ባሕር ስንሻገር ይህን ጉምሩክ ላይ አላስፈተሹንም።

የገንዘቡ ጥያቄ ግን እንዲህ በቀልድ የሚታለፍ አይደለም። የሰንሰለቱን ጉዳይ ለአንድ መለዋወጫ ሻጭ ሳሳየው ሁለቱንም ወገን ከነጥርሱ በአዲስ ለመቀየር 3,400 ዶላር አለኝ። ይህንን እንደዋዛ ለእህቴ ነገርኋት። ሒሳብ አዋቂ ናት፣ ወዲያው መታችው።

“ጋሼ፣ ግማሽ ሚሊዮን ብር እኮ ነው!”

እውነቷን ነው። ብሩ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲመራ ከመለቀቁ በፊት ቢሆን ሁለት መቶ ሺህም አይሞላም ነበር። አሁን ግን ግማሽ ሚሊዮን ነው፤ ግማሽ ሚሊዮን ደግሞ ኮልፌ ውስጥ ብዙ ነገር ነው። የአባቴ የደም ግፊት መድኃኒት አለ። የእህቴ ልጅ የትምህርት ቤት ክፍያ አለ። በየወሩ የምልከው አልጎደለም፤ የትራክተሩ ወጪ የሚሸፈነው ቅዳሜ ቅዳሜ በምሠራት ተጨማሪ ሥራ ነው። ያም ሆኖ እህቴ ቁጥሩን ስትጠራው ያለው ድምፅ ቁጥሩን ለዶላር ሻጭ ከመጥራት ይለያል። ሰንሰለቱን አልገዛም አልሁ።

አባቴ ከጎን ሆነው ሲያዳምጡ ኖረው ስልኩን ተቀበሉ። “ለምን ትገዛለህ? ፒኑን አትገለብጠውም?”

ነገሩ እንዲህ ነው። የዶዘር ሰንሰለት ሲያረጅ ይረዝማል። ብረቱ ተለጥጦ አይደለም። እያንዳንዱን መጋጠሚያ የሚያያይዘው ፒንና ፒኑ የሚዞርበት ቡሽ ይበላሉ፤ ከእያንዳንዱ የፀጉር ያህል ክፍተት ሲጠራቀም ሰንሰለቱ ይላላል፣ ጥርሱን መዝለል ይጀምራል። ፒኑ የሚበላው ግን ሁልጊዜ በሚሳብበት ወገን ብቻ ነው። ሌላው ወገኑ እንዳዲስ አለ። ስለዚህ ፒንና ቡሹን አውጥቶ ግማሽ ዙር አዙሮ መልሶ መምታት ነው፤ ሰንሰለቱ ወደ ልኩ ይመለሳል። አባቴና ጓደኞቻቸው ይህን የሚያደርጉት በከሰል እሳትና በትልቅ መዶሻ፣ ዛፍ ሥር ነበር። እኔ መጭመቂያ ማሽን ያለው ቤት ወስጄ በ650 ዶላር አስገለበጥሁት። ሠራተኛው “ይህን ማን ነገረህ? አሁን አሁን ሰው ቀይርልኝ ነው የሚለው” አለኝ። አባቴ ናቸው ብዬ ነገርሁት። መሐንዲስ ናቸው ወይ አለኝ። አዎ ማለት ቃጣኝና፣ አይ፣ ዶዘር ነጂ ናቸው አልሁት። “እሱ ይሻላል” አለ።

እዚህ አገር በበጋ ወራት አሮጌ ትራክተር የሚታይበት ትርዒት አለ። ሽማግሌዎቹ ያደሱትን ይዘው ይመጣሉ፤ ተጣጣፊ ወንበራቸውን ዘርግተው ጎኑ ይቀመጣሉ። የሚያብረቀርቀውን ብታዩት፣ ከሠርግ መኪና ይበልጣል። ከፋብሪካ ሲወጣ እንኳ እንዲህ አላማረም። ብዙዎቹ በተጎታች ተጭነው መጥተው በተጎታች ተጭነው ይመለሳሉ፤ መሬት አይነኩም። አንዱን ፎቶ አንሥቼ ለአባቴ ላክሁ።

“ምን ይሠራል?” አሉ።

“አይሠራም፤ ይታያል።”

“ይታያል?” ትንሽ አሰቡ። “ሰዎቹ ደህና ናቸው?”

መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ፣ አሮጌን ከሞት ማስነሣት የዕለት እንጀራ ነው። ቀለም የሚቀባ የለም። ከሦስት የሞቱ ሞተሮች አንድ በሕይወት ያለ ይወጣል፣ ማታ ጭነት ይዞ ወደ ሐዋሳ ይነዳል። አባቴ የሚያውቁት መጠገን ይህንን ነው። እውነቱን ለመናገር እኔም ወደሳቸው አደላሁ። ትራክተሬን ቀለም አልቀባሁትም። ዝገቱን ጠርጌ ዘይት አጠጥቼ ተውሁት። ከኋላዬ ያለውን አቀበት አርስበታለሁ፣ በረዶ እጠርግበታለሁ፤ ያለሥራ የሚቆም ከሆነ ለአባቴ የምመልሰው የለኝም።

የእህቴ ልጅ ደግሞ ሌላ ጥያቄ አላት። አሥር ዓመቷ ነው። ቪዲዮውን አየችና አያቷን “አባባ፣ አንተ ትነዳው የነበረው ቤት የሚያፈርሰውን ነው?” አለቻቸው። (የዘንድሮ ልጅ ስለሆነች አንተ ነው የምትላቸው። እሳቸውም ደስ ይላቸዋል፤ እኔ ብሞክረው ግን ምን እንደሚሉኝ አውቃለሁ።) በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ሲፈርስ አይታለች። ለእሷ ዶዘር ማለት ያ ነው። አባቴ “እኛ የምናፈርሰው ተራራ ነበር” ብለው መለሱላትና ያን ቀን ሌላ ነገር አልተናገሩም።

አሁን ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ወዳነሣሣኝ ነገር ልምጣ። ባለፈው ነሐሴ መሪው ጋ ደረስሁ። ባለሰንሰለት መኪና ክብ መሪ የለውም። ሁለት እጀታ ነው ያለው፣ የቀኝና የግራ። አባቴ የነዷቸው ዶዘሮች ቀኙን እጀታ ስትስበው የቀኙ ሰንሰለት ከሞተሩ ይላቀቃል፤ የግራው ብቻ ይገፋል፤ ዶዘሩም ወደ ቀኝ ይዞራል። ጠበቅ አድርጎ ለማዞር የቀኙን ፍሬን አብሮ መርገጥ ነው። አብዛኛው የዓለም ዶዘር ለረጅም ዘመን እንዲህ ነው የተሠራው፤ ቀላልና ጠንካራ ስለሆነ፣ በጠባብ ቦታም ስለሚዞር።

ክሌትራክ ግን ሌላ ነው። ሁለቱም ሰንሰለቶች ምን ጊዜም ከሞተሩ አይላቀቁም። ቀኙን እጀታ ስትስብ ዲፈረንሻሉ ውስጥ የቀኙን ወገን የሚይዝ ፍሬን ይጠብቃል፤ የቀኙ ሰንሰለት ይዘገያል፤ እሱ የቀነሰው ፍጥነት በግራው ላይ ይጨመራል። ሁለቱንም ከሳብህ ይቆማል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የአሜሪካኖቹ ሸርማን ታንኮች መሪ በዚሁ መንገድ ነበር የሚሠራው። ችግርም አለበት፤ እንደሌሎቹ በቆመበት አይሽከረከርም፣ ፍሬኑም ቶሎ ይግላል። እኔ ይህን ሁሉ ለአባቴ የማብራራው የፍሬኑን ሸራ በምን እንደማስለብሰው ልጠይቃቸው ብዬ ነው።

እሳቸው ግን ሸራውን ትተው “እስቲ መልሰህ ንገረኝ” አሉ። መልሼ ነገርኋቸው።

“ቀኙን ስትስበው የቀኙ አይለቀቅም?”

“አይለቀቅም። ይዘገያል እንጂ።”

“ቁልቁለት ላይም?”

“ቁልቁለት ላይም።”

ስልኩ የተቋረጠ መሰለኝ። እህቴን ጠራኋት፤ እዚሁ ናቸው አለችኝ። ከዚያ ነገሩኝ። ሃምሳ ሁለት ዓመት ልጃቸው ሆኜ ያልሰማሁትን።

በ1961 ዓ.ም. ነው። የቦታውን ስም ነግረውኛል፤ የሟቹ ዘመዶች ዛሬም እዚያ ስላሉ አልጽፈውም። አዲስ የተከፈተ መንገድ፣ በግራ ገደል፣ በቀኝ ተራራ። አንድ ወጣት፣ ዶዘር ላይ ከወጣ ሦስት ወሩ ነው፣ ከኋላው ድንጋይ የጫነ ተጎታች አስሮ ቁልቁል ይወርዳል። አባቴ ከታች ሆነው ባንዲራ ይዘው መንገዱን ያሳያሉ። ዶዘሩ ወደ ገደሉ ጥቂት ዘመም አለ። ልጁ ወደ ቀኝ፣ ወደ ተራራው ሊመልሰው ቀኙን እጀታ ሳበ።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ። ሜዳ ላይ ሰንሰለቶቹን የሚገፋው ሞተሩ ነው። ቁልቁለት ላይ፣ ከኋላም ሸክም ሲገፋ፣ ሞተሩ ያዥ ይሆናል። ፍሬኑን ሳይረግጡ ቀኙን እጀታ ብቻ መሳብ የተያዘውን መልቀቅ ነው። የተለቀቀው የቀኙ ሰንሰለት ይፈተለካል፤ ሞተሩ የያዘው የግራው ወደ ኋላ ይቀራል። ዶዘሩ ወደ ግራ ይዞራል። ቁልቁለት ላይ ወደ ቀኝ ለመሄድ ግራውን መሳብ ነው ያለብህ። ነባሮቹ ይህን በእጃቸው ያውቁታል። ሰው ሲደነግጥ ግን እጁ ሜዳ ላይ የለመደውን ነው የሚያደርገው።

አባቴ ከታች ሆነው ጮሁ። “ግራውን! ግራውን ሳበው!”

ልጁ ቀና ብሎ አያቸው። ግራ ገደሉ ያለበት ነው። ቀኙን አጥብቆ ሳበ።

“ሰምቶኝ ይሁን፣ ሳይሰማኝ...” አሉ አባቴ። “ሞተሩ ይጮሃል። ግን አየኝ። ዓይኑ ዓይኔ ላይ ነበር። ሰምቶኝ ከሆነ፣ ገደል ግባ ያልኩት ነው የሚመስለው። እንዲያ መስሎት ከሆነ የሄደው...” ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሱትም። እህቴም ከጎናቸው ሆና ስትሰማ የመጀመሪያ ጊዜዋ ነበር። ልጁ የሃያ አንድ ዓመት ነበር። ሬሳውን ያወጡት በማግስቱ፣ በገመድ ነው። አባቴ ከአራት ቀን በኋላ ያንኑ ቁልቁለት በሌላ ዶዘር ወርደዋል፤ የሚወርድ ሌላ ሰው አልነበረም።

እናቴ ታውቅ ነበር ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው። “ለማን ይነገራል?” አሉ። “መጀመሪያ ስለ ፍሪሲዮኑ ማስረዳት አለብህ። ማን ይሰማሃል?”

መስከረሙን በሙሉ በፍሬኑ ላይ ዋልሁ። ሸራውን አስለበስሁ፣ እጀታዎቹን አስተካከልሁ፣ ሰንሰለቱን ወጠርሁ፣ ግራሶ ያላየ መጋጠሚያ አላስቀረሁም። በጥቅምት የመጀመሪያው እሑድ ከቤቴ ጀርባ ወዳለችው ቁልቁለት ወጣሁ። ረጋ ያለች ናት፣ ገደል የላትም፤ ከታች ያለው የጎረቤት በቆሎ ነው። ከኋላ የሚገፋኝ ሸክም እንዲኖር ግንድ የጫነች ተጎታች አሰርሁ። በአንደኛ ማርሽ ቁልቁል ለቀቅሁት። መሐል ላይ ስደርስ ቀኙን ሳብሁ። ደጋግሜ፣ አራት ጊዜ ወጥቼ ወረድሁ። ከዚያ ደወልሁ። እዚያ መሽቷል፤ እህቴ ቀሰቀሰቻቸው።

“አባባ፣ ሞከርኩት።”

“ቁልቁለት?”

“ቁልቁለት። ተጎታች አስሬ። ቀኙን ሳብኩት።”

“እሺ?”

“ወደ ቀኝ ሄደ።”

“ወደ ቀኝ።”

“አራት ጊዜ። አራቱንም ወደ ቀኝ።”

ጥቂት ዝም አሉ። የግድግዳ ሰዓታቸው ሲቆጥር ይሰማኛል።

“መቼ ነው የተሠራው አልከኝ?”

“ይኼኛው ከጦርነቱ በኋላ ነው። መሪውን ያወጡት ግን ከዚያም በፊት ነው።”

“ከዚያም በፊት” አሉ። “እኛ ዘንድ ሳይደርስ ቀረ እንጂ ታስቦበት ኖሯል።” ተነሥተው ቁጭ ሲሉ አልጋው ሲንቋቋ ሰማሁ። “አሁን የት አቆምከው?”

“ደጅ ነው። ጋራዡ ውስጥ የባለቤቴ መኪና ገብታለች።”

“ዝናብ አለ እናንተ ዘንድ?”

“ዛሬ ማታ ይመጣል ብለዋል።”

“ሂድና ጣሳ ድፋበት” አሉ። “ደህና ጣሳ። ያልዛገ።”